የቤተ ክርስቲያን መሪን ስናከብርና ስንጠይቅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ፣ በመልካም የሚያስተዳድሩ ሽማግሌዎች፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን መሪዎች፣ እጥፍ ክብር ይገባቸዋል ይላል። ሦስት ቁጥር ዝቅ ብሎ ደግሞ ኃጢአት የሚሠሩትን በሁሉ ፊት ገሥጻቸው ይላል። እኛ ግን አንዱን ይዘን ሌላውን እንጥላለን።

የመጀመሪያው ስህተት «የቀባኋቸውን አትንኩ» የሚለውን ጥቅስ አፍ መዝጊያ ማድረግ ነው። መዝሙር 105 የሚናገረው በሰው አገር ስለተንከራተቱት ስለ አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ነው። ማስጠንቀቂያው የተነገረው ሊበድሏቸው ለሚችሉ ነገሥታት ነበር። የሒሳብ ሪፖርት የጠየቀ ምእመን እዚያ ውስጥ የለም። ዳዊት የተቀባውን ሳኦልን አልገደለም፤ ከዋሻው ወጥቶ ግን በደሉን በግልጽ ነግሮታል። ዳዊት ራሱ ሲበድል ናታን «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። ጴጥሮስንም ጳውሎስ በአንጾኪያ ፊት ለፊት ተቃውሞታል። ከእነዚህ የሚበልጥ መሪ ዛሬ ማን አለን?

ሁለተኛው፣ ክብርን በመስቀል መሳለምና በማዕረግ መጥራት ብቻ መጨረስ ነው። ጳውሎስ ስለ እጥፍ ክብር ተናግሮ ወዲያው «ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል» ይላል። ሌሊት ቆሞ ሲቀድስ አድሮ ቀን ልጆቹን የሚያበላው የሚያጣ የገጠር ካህን አለ። የትራንስፖርት ሳንቲም ሳይኖረው ሦስት መንደር የሚያገለግል ወንጌላዊም አለ። እነሱን ረስተን ስለ አክብሮት ባናወራ ይሻላል።

ወሬን እንደ ማስረጃ መያዝም ሌላው ጥፋት ነው። በሽማግሌ ላይ የሚቀርብ ክስ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይፈልጋል። በቴሌግራም የተላከ የተቆራረጠ ድምፅ ምስክር አይሆንም። ሼር ከማድረጋችን በፊት የሰውየውን ስም እናስብ።

ገንዘብን «እሳቸው ታማኝ ናቸው» ብሎ ለአንድ ሰው መተውም ያው ነው። ጳውሎስ እንኳ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ስጦታ ሲያደርስ ማንም እንዳይነቅፈው ሌሎች ወንድሞች አብረው እንዲሄዱ አድርጓል። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች አብረው የሚቀመጡበት ሰበካ ጉባኤ አለ። በወንጌላውያን ዘንድም ጠቅላላ ጉባኤ አለ። ችግሩ እኛ አለመገኘታችን፣ ብንገኝም ሪፖርቱ ሲነበብ አጨብጭበን መውጣታችን ነው። የገባው ስንት ነው? የወጣው በማን ፊርማ ነው? ኦዲት ያደረገውስ ማን ነው? እነዚህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ከሁሉ የሚከፋው ወንጀልን በገበና ስም መሸፈን ነው። አገልጋይ ሴት ልጅን ወይም ሕፃንን ሲደፍር ሽማግሌ ይላካል፣ ቤተሰቡ «ለቤተ ክርስቲያን ስም ሲባል» ይለመናል፣ ሰውየው ወደ ሌላ አጥቢያ ይዛወራል። ይህ ይቅርታ አይደለም። ቀጣዩን ልጅ አሳልፎ መስጠት ነው። ንስሐው በንስሐ አባቱ ፊት ይሁን፤ ጉዳዩ ግን ፖሊስ ጋር ይሂድ። ልጅቷ ሐኪም ታግኝ። የተናገረችውን የሚያምናት ሰው አብሯት ይቁም። ምርመራው እስኪያልቅም ተከሳሹ ከአገልግሎት ይራቅ፣ በተለይ ከልጆች አጠገብ።