የሰርቨር ፋየርዎል ኖቲፊኬሽን፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሰርቨር ያለው ድርጅት ሁሉ ቋሚ የአይቲ ሰው የለውም። ፋርማሲውም፣ የእህል መጋዘኑም፣ የቁጠባ ማኅበሩም ከካሸሯ ወንበር ጀርባ አንድ ዊንዶውስ ሰርቨር አስቀምጦ ይሠራል። ባለሙያ የሚመጣው ሲበላሽ ነው፤ እሱም ተደውሎለት። ስለዚህ ፋየርዎሉ፣ ማለትም ወደ ሰርቨሩ የሚገባውንና የሚወጣውን ግንኙነት የሚቆጣጠረው የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ የሚያወጣውን መልእክት መጀመሪያ የሚያየው ስለ ፋየርዎል የማያውቅ ሰው ነው። መዘዙም ከዚያ ይጀምራል።

"ካንስል" ብሎ መገላገል

የተለመደውም፣ የሚጎዳውም ይሄ ነው። አዲስ የሂሳብ ፕሮግራም ተጫነ እንበል። ፕሮግራሙ ከሌሎች ኮምፒውተሮች ግንኙነት ለመቀበል ፖርት (የግንኙነት በር) ሊከፍት ሲል የሚፈቅድለት ሩል (ደንብ) ከሌለና ኖቲፊኬሽኑ ከበራ፣ ፋየርዎሉ ሊፈቀድለት እንደሆነ የሚጠይቅ መስኮት ያወጣል። ካሸሯ ደንበኛ ቆሞባታል። ከጎኗ ያለው ልጅ "አብሽሪ፣ ዝም ብለሽ ካንስል በይው" ይላታል።

ካንስል ያለች ሰው ጥያቄውን ለሌላ ጊዜ ያሳደረችው ይመስላታል። ዊንዶውስ ግን እንደ ውሳኔ ነው የሚቆጥረው። የገባችው በአድሚን (ሙሉ ሥልጣን ባለው አካውንት) ከሆነ ለዚያ ፕሮግራም የማገጃ ሩል ይፈጠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት፣ አንዱ ለቲሲፒ፣ አንዱ ለዩዲፒ፤ ሁለቱ የዳታ መላኪያ ዓይነቶች ናቸው። ከዚያ ወዲያ መስኮቱ ተመልሶ አይመጣም። የገባው ሰው አድሚን ካልሆነ ደግሞ ጭራሽ ሳይጠየቅ ሊታገድ ይችላል።

ከሳምንት በኋላ ባለሙያ ይጠራል። መፍቀጃ ሩል ይሠራል፤ እንቢ። ፖርቱን ይከፍታል፤ አሁንም እንቢ። ፕሮግራሙ ተነቅሎ እንደገና ይጫናል። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ በዊንዶውስ ፋየርዎል ማገጃና መፍቀጃ ሲጋጩ የሚያሸንፈው ማገጃው ነው። በፋየርዎሉ ዝርዝር ሴቲንግ ኢንባውንድ ሩልስ (የገቢ ግንኙነት ደንቦች) ውስጥ ግቡና በፕሮግራሙ ስም ቀይ ምልክት ያለባቸውን ፈልጉ፤ አጥፏቸው። አዲስ ሩል መጨመር ከዚህ በኋላ ይምጣ።

ያልታሰበችውን ሳጥን መንካት

መልእክቱ የሰለቸው ሰው ኮንትሮል ፓናል ይገባል። እዚያ የኖቲፊኬሽን መቀየሪያውም ሆነ የፋየርዎል ማብሪያና ማጥፊያው ሊንክ የሚወስደው ወደ አንድ ገጽ ነው። ለእያንዳንዱ የኔትወርክ ዓይነት ማብሪያው ላይ አለ፣ ከሥሩ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች፣ ከእነሱ ሥር ማጥፊያው። የኖቲፊኬሽኗ የታችኛዋ ሳጥን ናት። የላይኛዋ ወደ ሰርቨሩ የሚመጣውን ግንኙነት በሙሉ ትዘጋለች፤ የተፈቀደላቸው ፕሮግራሞችም ሳይቀሩ።

ኮምቦልቻ ተቀምጦ ደሴ ያለውን ሰርቨር በሪሞት ዴስክቶፕ የሚነካካ ሰው የላይኛዋን ከነካ አለቀለት። ወይ ደሴ ያለውን ሰው በስልክ እየመራ ማስነካት ነው፣ ወይ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ መሄድ። ማጥፊያውን የነካው ግን ምንም አይሰማውም። ሁሉ ነገር እንደውም ከበፊቱ ደህና ይሠራለታል፤ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

የፋየርዎሉን ሰርቪስ ማስቆምማ አይሞከር። ማይክሮሶፍት ራሱ አይደግፈውም።

አንዱን ፕሮፋይል አስተካክሎ መሄድ

ፋየርዎሉ እንደ ኔትወርኩ ዓይነት የሚቀያየር ሦስት ፕሮፋይል (የሴቲንግ ስብስብ) አለው፦ ዶሜይን፣ ፕራይቬት፣ ፐብሊክ። የኖቲፊኬሽን ሴቲንጉም ለየብቻ ነው። ይሄን ብዙ ሰው ያውቃል፤ የሚረሳው መብራቱን ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ ኮምፒውተሮቹን ከሚያገናኘው ስዊች ወይም የድርጅቱን ኔትወርክ ከሚያስተዳድረው ዶሜይን ኮንትሮለር ቀድሞ ሊነሳ ይችላል። ያኔ ኔትወርኩን መለየት ያቅተውና ፐብሊክ ላይ ይቀመጣል። ትናንት የተስተካከለው ሁሉ ደግሞ ዶሜይን ላይ ነበር። "ማነው የነካካው?" ተብሎ ቢሮው ይታመሳል፤ ማንም አልነካውም። መብራት በተመለሰ ቁጥር መጀመሪያ አሁን የሚሠራው ፕሮፋይል የትኛው እንደሆነ እዩ። የኔትወርክ ካርዱን አጥፍቶ ማብራት ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል።

ፖፕ አፑን እንደ ዘበኛ መቁጠር

"ኖቲፊኬሽኑ በርቷል፤ ሊገባ የሚሞክር ካለ ይነግረናል" የሚል አለ። አይነግርም። መስኮቱ የሚወጣው እዚያው ሰርቨሩ ላይ ያለ ፕሮግራም ፖርት ሊከፍት ሲል ነው። ከውጭ ሌሊቱን ሙሉ የሚያንኳኳ ቢኖር ትንፍሽ አይልም። በዚያ ላይ የተዘጋ ቢሮ ውስጥ ስክሪኑን ማን ያያል?

እኔን ከጠየቃችሁኝ ሰርቨር ላይ ፖፕ አፑ ይጥፋና ሎጉ (የፋየርዎሉ መዝገብ) ይብራ። የታገደውን መመዝገብ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ራሳችሁ ማብራት አለባችሁ። የሎጉ መጠን 4,096 ኪሎባይት ነው፤ እስከ 32,767 ይሰፋል። ብታሰፉት ይሻላል፣ ሲሞላ የቆየው ይጠፋልና።

እዚህ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ስህተት ይመጣል፤ ሁሉንም ነገር ወደ ቴሌግራም ግሩፕ መላክ። የታገደ ፓኬት (ቁራጭ ዳታ) በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ሎግ ቁጥሩ 5152 ነው፤ እሱን የላከ ሰው ግሩፑ በማግስቱ ሚውት ይደረግበታል። የሚላኩት ጥቂት ይሁኑ፦ 5025 ማለትም የፋየርዎሉ ሰርቪስ ሲቆም፣ እና 4950 ማለትም ሴቲንጉ ሲቀየር። ለሁለተኛው መጀመሪያ ኦዲቱ (ለውጥን የሚመዘግበው የዊንዶውስ ሴቲንግ) መብራት አለበት።

ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር ማንበብ

ሎጉ ላይ 02:10 የሚለው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት አድርጎ ያነበበው አለቃ በጠዋት የገባችውን ካሸር አፋጥጦ ይይዛታል፤ እሷ ያኔ አልጋዋ ላይ ነበረች። ከዚያ በፊት ደግሞ የሰዓት ዞኑን እዩ። በዊንዶውስ የእኛ ዞን ናይሮቢ በሚለው ሥር ነው። ሲጫን ሳይቀየር በአሜሪካ ፓሲፊክ ከቀረ፣ ሎጉ እንደ ወቅቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ያኔ ያው 02:10 እኛ ጋ ምሳ ሰዓት አካባቢ ነው፤ ቢሮውም ሰው ሞልቶበታል።