የእርግዝና ቃር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ነፍሰ ጡርን ቃር የሚይዛት ጨጓራዋ ድንገት አሲድ ስላበዛ አይደለም። ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መካከል ያለውን መዝጊያ ጡንቻ ያላላዋል። ወሩ እየገፋ ሲሄድ ደግሞ ማህፀን ጨጓራን ከታች ይጫነዋል።

አምቦ ውሃ መጠጣት፦ ስለሚያስገሳ የቀለለዎት ይመስላል። ጋዙ ግን ጨጓራን ይነፋና የላላውን መዝጊያ ይከፍተዋል፤ ከግሳቱ ጋር አሲዱም ይወጣል።

የዳቦ ሶዳ በጥብጦ መጠጣት፦ ለጥቂት ደቂቃ ያበርዳል። ሶዲየም ስለሚበዛበት ግን በሰውነት ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል፣ ሲደጋገምም የደምን የአሲድ ሚዛን ያዛባል። ደም ግፊት ያለባት እናት ፈጽሞ አትሞክረው። አብሽም ቢሆን በወጥ ውስጥ ያለው አያስጨንቅም፤ እንደ መድኃኒት በብዛት መጠጣቱ ግን በእርግዝና ጊዜ አይመከርም።

«ለልጁ ስትዪ ብዪ» ሲባሉ አንድ ትሪ መጨረስ፦ የሞላ ጨጓራ በማህፀን ሲጫን መውጫው ወደ ላይ ነው። የዕለቱን ምግብ ለአምስት ወይም ለስድስት ጊዜ ይከፋፍሉት፤ ራትዎ ከመኝታ 3 ሰዓት ይቅደም። ቅቤ የበዛበት ወጥ ከጨጓራ ቶሎ ስለማይወጣ ለምሳ ይሁን። የሚያቃጥለው ምግብ ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዷን ቀይ ወጥ ሲያሳርራት ሌላዋን ቡና ነው። ስለዚህ ሁሉንም ከመተው ይልቅ ቃር በያዘዎት ቁጥር ምን እንደበሉ ለአንድ ሳምንት ይጻፉ።

ትራስ መደራረብ፦ አንገትና ወገብ ይታጠፋሉ፣ ሆድም የባሰ ይጨመቃል። በራስጌ በኩል ያሉትን የአልጋ እግሮች በጠንካራ ጣውላ ወይም ጡብ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉና በግራ ጎንዎ ይተኙ።

አንታሲድ (የጨጓራ አሲድን የሚያበርድ መድኃኒት) እና የአይረን ኪኒን አንድ ላይ መዋጥ፦ አንታሲዱ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። ቢያንስ 2 ሰዓት ያራርቋቸው። ጨጓራ ነካኝ ብለው አይረኑን በራስዎ አያቋርጡ፤ ለሐኪምዎ ይንገሩ። መድኃኒት ቤት ሲሄዱም ነፍሰ ጡር መሆንዎን አስቀድመው ይናገሩ፤ አስፕሪን ወይም ቢስሙዝ ያለባቸው የጨጓራ መድኃኒቶች ለእርስዎ አይሆኑም።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ሌላ ሕመምን «ቃር ነው» ብሎ ማለፍ ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ከጎድን አጥንት ሥር፣ በተለይ በቀኝ በኩል የሚያም ከሆነ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ድንገተኛ የፊትና የእጅ እብጠት ከታየ ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት ሕመም) ሊሆን ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ጤና ተቋም ሄደው ደም ግፊትዎን ይለኩ።