ለመስክ መኪናችሁ የኋላ መሳቢያና መኝታ መደብ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ

የመስክ መኪና ያለው ሰው ሁለት ዓይነት ቅዳሜ አለው። አንዱ ጭቃና ድንጋይ ውስጥ ያልፋል። ሌላው ሜትር አንገት ላይ አንጠልጥሎ፣ እርሳስ ጆሮ ላይ ሰክቶ፣ መኪናው ኋላ ተጎንብሶ ያልፋል። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ይበዛል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሠራው ነገር ከኋላ ወንበር ጀርባ የሚገባ ባለ ሁለት መሳቢያ ሣጥን ነው። ከላዩ ጠፍጣፋ መደብ ይሆንና ማታ ፍራሽ ይነጠፍበታል። አናጢ መሆን አያስፈልግም። ትዕግሥትና ሁለት የዕረፍት ቀን ይበቃል። ሦስት ቢሆን ይሻላል።

እኔ የመጀመሪያውን ስሠራ መልኩ አምሮልኝ ጎረቤት ሁሉ ጠርቼ አሳይቻለሁ። ክሪኩንና የጎማ መፍቻውን ግን ሥሩ ቀብሬያቸው ነበር። ከዚያ አንድ ማታ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ጎማ ተነፈሰ። ፍራሹን፣ ብርድ ልብሱን፣ የምግብ ሣጥኑን ጭቃ ላይ ዘርግፌ፣ የእጅ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ 11 ብሎን ፈታሁ። 11ዱን እስካሁን አልረሳኋቸውም። ስለዚህ እንጨት ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሥራ አለ።

ዕቃችሁን ሁሉ መሬት ላይ ዘርግፉት

ለጉዞ የምትይዙትን በሙሉ አውጥታችሁ መኪናው ኋላ አስቀምጡ። ከዚያ በሦስት ክፈሉት። አንደኛው በድንገት የሚፈለግ ነው፦ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ መጎተቻ ገመድ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን። ሁለተኛው በየቀኑ የሚወጣ ነው፣ ምድጃና የማብሰያ ዕቃ ዓይነቱ። ሦስተኛው ደግሞ ሁልጊዜ ተይዞ የሚሄድ፣ ግን ጭራሽ የማይነካ ነው፤ የመለዋወጫ ቀበቶ፣ ተጨማሪ ዘይት፣ ያ ሁላችንም የምንይዘውና ለምን እንደያዝነው የማናውቀው የሽቦ ጥቅል።

የመጀመሪያው ክፍል መሳቢያ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል። ከገባም ምንም ሳይፈታና ሳይወርድ፣ የኋላውን በር ከፍታችሁ እጃችሁን ብቻ ሰዳችሁ የምታገኙት ቦታ ይሁን። ስኮርት ጎማችሁ ከወለሉ ሥር ተንጠልጥሎ ከሆነ ማውረጃው ከየት እንደሚዞር እዩ። ብዙ መኪና ላይ ብረቱ የሚገባበት ቀዳዳ ከኋላ በር አጠገብ ነው፤ ሣጥናችሁ ከደፈነው ጎማው አለ ማለት ዘበት ነው።

ልኬት

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የመኪና ውስጥ ቀጥ ያለ መስመር የለውም። ወለሉ ወደ መሃል ትንሽ ይጎደጉዳል፣ ግድግዳው ወደ ላይ ሲሄድ ይጠባል፣ የኋላ ጎማው ደግሞ በሁለቱም በኩል ወደ ውስጥ ጉብታ ይፈጥራል። ሜትር ብቻውን ያታልላል። ትልቅ ካርቶን ቀዳችሁ፣ እያስገባችሁ እየከረከማችሁ፣ ቅርጹ ልክ ሲሆን እሱን እንጨቱ ላይ አስቀምጣችሁ አስምሩ።

ሦስት ስፋት ለኩ፦ በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ያለውን፣ የመስኮቱ ከፍታ ላይ ያለውን፣ የኋላ በሩን አፍ። ሦስተኛውን ነው ሰው የሚረሳው። ውስጡ ሰፊ ሆኖ የበሩ አፍ ጠባብ ሲሆን፣ ግቢ ውስጥ አሳምራችሁ የገጠማችሁት ሣጥን በሩ ላይ ደርሶ ይቆማል። ያኔ ወይ ሣጥኑን ወይ መኪናውን ትቆርጣላችሁ። ጥርጣሬ ካላችሁ ግራና ቀኙን ለየብቻ ሠርታችሁ ውስጥ ገብቶ በብሎን የሚያያዝ አድርጉት።

ቁመቱን የሚወስነው ጭንቅላታችሁ ነው። የታሰበውን ፍራሽ ያህል አስቡና መደቡ ላይ ስትቀመጡ ጣሪያውን ትነኩ እንደሆነ ሞክሩ። እኔ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ሠርቼ ተጸጽቻለሁ፤ ጠዋት ጫማ ለማሰር ጋደም ማለት ግድ ሆኖብኝ ነበር። ርዝመቱ ደግሞ ከቁመታችሁ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይብለጥ። መሳቢያዎቹ ያን ያህል ረጅም መሆን የለባቸውም። ከፊት በኩል በማጠፊያ የሚዘረጋ ክዳን ታደርጉና ወንበሩ ሲታጠፍ ክዳኑ ተዘርግቶ በእግር ይቆማል።

እንጨቱ

ቺፑድን እርሱት። ውኃ ሲነካው ያብጣል፣ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ብሎኑ ይላቀቃል። ኮምፔርሳቶ ግዙ፣ ፕላይዉድ የምትሉትም እሱ ነው። ለሣጥኑ ቋሚዎች 18 ሚሊ ሜትር፣ ለላዩ 15፣ ለወለሉና ለመሳቢያዎቹ 12 ይበቃል። ሁሉንም በ18 የሚሠራ ሰው አለ፤ ሣጥኑ ታንክ ይሆናል፣ መኪናውም ታንክ እንደጫነ ይሄዳል። አንድ ሙሉ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ፣ 2.44 በ1.22 ሜትር የሆነው፣ ከጠንካራ እንጨት ከተሠራ 35 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። መኪናችሁ ደግሞ የሚችለው ክብደት ተወስኖለታል። ቁጥሩ በባለቤቱ መመሪያ መጽሐፍ ላይ አለ፤ እናንተ፣ ጓደኞቻችሁ፣ ነዳጁና ውኃው ሁሉ ከዚያ ላይ ነው የሚቆረጠው።

አሁን አንድ ሣጥን አብረን እንሥራ። ስፋቱ 105፣ ርዝመቱ 95፣ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በሚሊ ሜትር እንሂድ፤ በሴንቲ ሜትር የሚያስብ አናጢ መሳቢያው አይገባለትም። 1050 አለን። ሦስት ቋሚዎች አሉ፦ ሁለት ጠርዝ ላይ፣ አንድ መሃል። ሦስት ጊዜ 18፣ 54። ሲቀነስ 996 ይቀራል፣ ለሁለት 498። መሳቢያው በግራና በቀኝ 3 ሚሊ ሜትር መተንፈሻ ስለሚፈልግ የውጭ ስፋቱ 492 ይሆናል። ቁመቱም እንዲሁ ነው፦ ከ300 ላይ የላዩን 15ና የወለሉን 12 ስትቀንሱ 273። ከሥሩ 10 ሚሊ ሜትር መንሸራተቻ፣ ከላዩ 5 ክፍተት፤ መሳቢያው 258። ያ 3 ሚሊ ሜትር በዓይን ሲያዩት የሚያስቅ ክፍተት ነው። ግን እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ይወፍራል፣ አቧራም ይገባል። ጥብቅ ብሎ የሚገባ መሳቢያ ግቢ ውስጥ ያኮራል፣ ሜዳ ላይ ግን አይከፈትም።

ቆረጣው ላይ ብዙ አልልም። ትልቁን ቆረጣ እንጨት የሚሸጥላችሁ ቤት በማሽን ቢሠራው ቀጥ ያለ ይሆናል፣ እናንተ ጉብታውንና ጠርዙን ብቻ ትከረክማላችሁ። መግጠም ላይ ግን፦ የእንጨት ኮላና ብሎን አብራችሁ ተጠቀሙ። ብሎን ብቻውን ይላላል። ብሎኑ ከመግባቱ በፊት ከሱ በቀጠነ ፑንታ ብሱ፤ የኮምፔርሳቶ ጠርዝ ሳይበሳ ብሎን ከገባበት ንብርብሩ ይሰነጠቃል። ኮላው ሳይደርቅ የሣጥኑን ሁለት ሰያፍ ከጥግ ጥግ ለኩ። እኩል ከሆኑ ሣጥኑ ቀጥ ብሏል። ካልሆኑ ረጅሙን ሰያፍ ገፋ አድርጋችሁ አስተካክሉ። ኮላው ከደረቀ በኋላ ምንም ማድረግ አይቻልም።

መሳቢያው በምን ይንሸራተት

የኩሽና ቁም ሣጥን ላይ የምታዩት ባለ ኳስ ሐዲድ ያጓጓል። ቀጭኑን አትግዙ። አቧራ ሲገባበት ይንጫጫል፣ ክብደት ሲበዛበት ይጣመማል። ለከባድ ጭነት የሚሠራ፣ ሲዘጋም ሲከፈትም የሚቆልፍ አለ። እሱ ጥሩ ነው፣ ግን ውድና ከባድ ነው፤ በየጎኑም ቦታ ይበላል።

እኔ ከብዙ ሙከራ በኋላ የያዝኩት ዘዴ ይኸው፦ የላስቲክ መክተፊያ። አዎ፣ ሽንኩርት የሚከተፍበት። ያንን ነጭ ወፍራም መክተፊያ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቁራጭ እየሰነጠቃችሁ ከመሳቢያው ሥር በሁለቱም ጠርዝ በብሎን እሰሩት። የብሎኑ ራስ ላስቲኩ ውስጥ ጠልቆ መግባት አለበት፣ አለበለዚያ ወለሉን ያርሰዋል። የሚነካካውን እንጨት በብርጭቆ ወረቀት አልስልሱና ቫርኒሽ ቀቡት፤ ሲደርቅ ሻማ ፈትጉበት። 30 ኪሎ የጫነ መሳቢያ በአንድ እጅ ይወጣል። የሚበላሽ ነገር የለውም።

መሳቢያውን ግን መቆለፊያ አድርጉለት። በሩ ይይዘዋል አትበሉ። ዳገት ላይ ስትወጡ መሳቢያው ወደ ኋላ ይንሸራተትና በሩ ላይ ያርፋል። ከዚያ እዚያው ዳገት ላይ ቆማችሁ በሩን ስትከፍቱ ሆዳችሁ ላይ ይመጣል። ደርሶብኛል። መጨረሻ ላይ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ እንዳይወድቅም ከኋላው ማገቻ እንጨት ምቱ።

ከመኪናው ጋር ማሰር

ሌላው ሁሉ ቢሳሳት ይስተካከላል፣ ይህ ግን አይስተካከልም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከቆመ ነገር ጋር ሲጋጭ፣ ያልታሰረ ዕቃ ወደ ፊት የሚወረወርበት ፍጥነት ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ የወደቀ ዕቃ መሬት ሲነካ ያለውን ፍጥነት ያህላል። እላይ የሠራነው ሣጥን ባዶውን 40 ኪሎ አካባቢ ነው። ዕቃ ሲሞላ እናንተ አስሉት፤ ፊቱ የተቀመጡት ደግሞ እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ።

በቤት ዕቃ ብሎን ወለል ምንጣፉ ላይ አጣብቆ መተው አይሆንም። መጀመሪያ ፋብሪካው የተወላችሁን ቀዳዳ ፈልጉ። የዕቃ ማሰሪያ ቀለበቶቹ ወይም የሦስተኛው ረድፍ ወንበር የታሰረባቸው ቦታዎች አካሉ ላይ ተጠናክረው የተሠሩ ናቸው። አንዱን ብሎን ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱና በውፍረትም በጥርስም እሱን የሚመስል፣ እናንተ የጨመራችሁትን እንጨት ያህል ብቻ የሚረዝም፣ ራሱ ላይ ቢያንስ 8.8 የሚል የጥንካሬ ደረጃ የታተመበት ግዙ። ሣጥኑን አራት ቦታ እሰሩት። ከእንጨቱ ጋር የሚገናኘው ላይ ሰፊ ሮንዴላ ወይም ቁራጭ አንግል ብረት አድርጉ፣ ብሎኑ እንጨቱን በስቶ እንዳያልፍ።

አዲስ ቀዳዳ መብሳት ግድ ከሆነ መኪናው ሥር ገብታችሁ እዩ። ድሪሉን ከማንሳታችሁ በፊት፣ በራሳችሁ ዓይን። የነዳጁ ሰልባትዮ፣ የፍሬን ቱቦና የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፉት እዚያ ነው። ከበሳችሁ በኋላ የቀዳዳውን ከንፈር የዝገት መከላከያ ቀቡ፣ ከሥር ዳዶው በሰፊ ብረት ላይ ይረፍ።

ማለባበስ

ጠርዞቹን ሁሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ አጠጧቸው፤ ኮምፔርሳቶ ውኃ የሚጠጣው ከጠርዙ ነው። ላዩን ምንጣፍ ማልበስ ከፈለጋችሁ ማስቲሽ ሁለቱም ፊት ላይ ቀቡና እጅ ሲነካው የማይለጠፍ እስኪሆን ጠብቁ፣ ከዚያ አገናኙ። በሮቹን ከፍታችሁ ሥሩ፣ ሽታው ያዞራል። የሚንኳኳ ቦታ ሁሉ የድሮ ካላማዳሪያ ቆርጣችሁ መሃሉ ላይ ክተቱ። የመሳቢያው ፊት ከሣጥኑ ጋር በሚጋጠምበት የበር መዝጊያ ስፖንጅ ብትለጥፉ አቧራውን ይቀንሳል። ያጠፋል አላልኩም።

እዚያ ላይ ስትተኙ መስኮት ትንሽ ክፈቱ። ሞተር እያስነሱ ወይም ምድጃ ውስጥ ለኩሶ መተኛት አይታሰብም፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም።

ሙከራው

ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ጉዞ ይዛችሁት አትውጡ። መሳቢያዎቹን ሙሉ ጭነት ሙሉና ለአንድ ሰዓት ያህል ኮረኮንች መንገድ ላይ ንዱት፣ ሬዲዮ ሳትከፍቱ። አንድ ሰው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሚንኳኳውን ያዳምጥ። ስትመለሱ አራቱን ብሎኖች እንደገና አጥብቁ። እንጨቱ ስለሚታመቅ ከመካከላቸው ቢያንስ አንዱ መላላቱ አይቀርም። የኋላ ጎማ ንፋስ በጭነት ልክ መሆኑንም እዩ፤ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ የሹፌሩ በር ሲከፈት በሩ ክፈፍ ላይ ተለጥፏል።

ከዚያ ማታ፣ ሲጨልም፣ መብራት ሳታበሩ የኋላውን በር ክፈቱና ክሪኩን አውጡ። ሰዓት ያዙ። እኔ አሁን 40 ሰከንድ ይፈጅብኛል፣ ፍራሹም ከቦታው አይነቃነቅም።