በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር፦ ባሕር ዳር ላይ የሚደጋገሙ የፋን አደራደር ስህተቶች

ውሃው ራሱ ኮምፒውተሩን አያቀዘቅዝም። ሥራው ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ (ከዋናው አስሊ ክፍል) አንሥቶ ራዲያተሩ ድረስ፣ ማለትም ፋኖች አየር እስከሚያሳልፉባቸው ስስ ቆርቆሮዎች ድረስ፣ ማድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የአየር ድርሻ ነው። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት የሚግል ማሽን ሲያጋጥም፣ አብዛኛውን ጊዜ የተዘነጋው ይኸው ነው።

ከክፍሉ ሙቀት በታች መጠበቅ። በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ የባሕር ዳር ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ይብሳል። ፈሳሹ ከዚያ በታች ሊወርድ አይችልም። በዚያ ላይ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ በ240 እና በ360 ሚሊሜትር ራዲያተር መካከል የሚያመነታ ሰው፣ ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ከቻለለት ትልቁን ይያዝ።

ፋን ገልብጦ መግጠም። በአብዛኞቹ ፋኖች አየሩ የሚወጣው ሞተሩን የደገፉት የፕላስቲክ አግዳሚዎች ባሉበት በኩል ነው። ራዲያተሩ ላይ ከተደረደሩት ሦስት ፋኖች አንዱ ከተገለበጠ ሁለቱ የገፉትን እሱ መልሶ ይስበዋል። ለማረጋገጥ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ ማስጠጋት ይበቃል፤ በሚያስገባው በኩል ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል፣ በሚያስወጣው በኩል ይርገበገባል። የዕጣን ጭስም ያሳያል፣ ግን ራዲያተሩን በጥቀርሻ መቀባት ምን ይጠቅማል?

የራዲያተሩን ቦታ ሳያስቡ መምረጥ። ከፊት ሆኖ አየር ሲያስገባ ፕሮሰሰሩ ከውጭ የመጣ አየር ያገኛል፤ ምስሉን ለሚያቀናብረው ለግራፊክስ ካርዱ የሚደርሰው ግን የሞቀው ነው። ከላይ ሆኖ ሲያስወጣ ነገሩ ይገለበጣል። ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ በፕሮሰሰር ለሚያቀነባብር የፊተኛው ይሻላል። ለጨዋታ ከሆነ እኔ ከላይ አደርገዋለሁ፤ በጨዋታ ጊዜ ዋናው የሙቀት ምንጭ ብዙውን ጊዜ ካርዱ ነውና ንጹሑን አየር እሱ ይውሰድ። ከላይም ከፊትም ሁሉንም ፋን አስወጪ ማድረግ ግን ለማንም አይሆንም።

ፓምፑን ከሁሉም በላይ ማድረግ። ፈሳሹን የሚያዞረው ፓምፕ ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ፈሳሹ በጊዜ ብዛት ትንሽ ስለሚቀንስ ውስጡ አየር ይጠራቀማል፤ አየር ደግሞ ከፍ ያለውን ቦታ ይፈልጋል። ራዲያተሩ ኬዙ ወለል ላይ ከተገጠመ አየሩ ፓምፑ ውስጥ ይገባል፣ መንቦቅቦቅ ይጀምራል፣ ዕድሜውም ያጥራል። የራዲያተሩ ጫፍ ሁልጊዜ ከፓምፑ ከፍ ይበል።

ከሚገባው በላይ ማስወጣት። አስወጪው ሲበዛ ኬዙ ጎደሎውን ወንፊት በሌለበት ቀዳዳ ሁሉ ይስባል፤ በበጋ አቧራው በዚያ ይገባል። ታና ዳር መስኮት ከፍቶ ለሚያመሽ ሌላም አለ፦ ማታ መብራት የሚከቡት ትንንሽ ነፍሳት ባለቀለም መብራት ፋን ሲያዩ አያልፉም፣ በራዲያተሩ ስስ ቆርቆሮዎች መካከልም ይሰገሰጋሉ። አስገቢው ትንሽ ይብለጥ፣ በወንፊት ይሁን፣ ወንፊቱም ይታጠብ።

የፋኑን ፍጥነት በፕሮሰሰሩ ሙቀት ብቻ ማዘዝ። የፕሮሰሰሩ ሙቀት በቅጽበት ይዘላል፣ ፈሳሹ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፤ ፋኑ ያለ ምክንያት ይጮኻል። የፈሳሹ ሙቀት የሚነበብ ከሆነ በእሱ ይታዘዝ፤ ካልሆነ ፋኑ ዘግይቶ ምላሽ እንዲሰጥ ይስተካከል።

ጎሚስታ ቤት ወስዶ ማስነፋት። የጎማ መንፊያው ኮምፕሬሰር አየር ውስጥ ውሃና ዘይት ሊኖር ይችላል፣ ግፊቱም ስሶቹን ቆርቆሮዎች ያጣምማል። ኃይሉ ተቋርጦ፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ተይዞ፣ ለስላሳ ብሩሽና በእጅ የሚጨመቅ የአየር መንፊያ ይበቃል።