የአረጋውያን መንከባከቢያ ማዕከልን ጥራትና የሠራተኛ ብዛት እንዴት እንመዝን?

እናቱን ወይም አባቱን በመንከባከቢያ ማዕከል ለማስቀመጥ የተገደደ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚወስነው በጥድፊያ ነው። ሕመምተኛው ከሆስፒታል የሚወጣበት ቀን ተቆርጧል፣ ቤት ውስጥ አንሥቶ የሚያስተኛው ሰው የለም፣ ክፍት አልጋ የተገኘውም በአንድ ወይም በሁለት ቦታ ብቻ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ የሚጎበኝ ሰው ዓይን የሚያርፈው በእንግዳ መቀበያው ሶፋ፣ በአበባውና በግድግዳው ቀለም ላይ ነው። እነዚህ ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሽንት ቤት መሄድ ላስፈለገው አዛውንት የሚያደርጉለት ነገር የለም፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው ደወሉን ሰምቶ የሚመጣ ሰው ነው። ስለዚህ ምዘናው ከሠራተኛው ቢጀምር ይመረጣል፤ የቀረው ጥራት በአብዛኛው ከዚያ የሚመነጭ ነውና።

«ስንት ሠራተኛ አላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አያስረዳም። መልሱ «አርባ» ቢሆን፣ ወጥ ቤቱ፣ ጽዳቱ፣ ጥበቃውና ቢሮው ሁሉ ከአርባው ውስጥ ተቆጥረው ሊሆን ይችላል። የቀሩትም ቢሆኑ ሁሉም በአንድ ሰዓት አይገኙም። ሳምንት 168 ሰዓት ስላለው፣ አንድ ሠራተኛ በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ከሆነ አንድን የሥራ ቦታ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ለመሸፈን ከአራት ሰው በላይ ያስፈልጋል፤ የዓመት ፈቃድና የሕመም ቀን ሲታከልበት ደግሞ ወደ አምስት ይጠጋል። ስለዚህ ሃያ አምስት ተንከባካቢ የቀጠረ ማዕከል በአማካይ በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ የሚያገኘው አምስት ሰው ያህል ብቻ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ዛሬ ጠዋት፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ እና ዛሬ ሌሊት በዚህ ፎቅ ላይ ለስንት ነዋሪ ስንት ነርስና ስንት ረዳት አለ?» የሚል ነው። መልሱን በቃል ብቻ አይቀበሉ፤ ያለፈውን ሳምንት የፈረቃ ሰሌዳ እንዲያሳዩዎት፣ በተለይም የተመደበውን ብቻ ሳይሆን በትክክል የገባውን ሰው እንዲነግሩዎት ይጠይቁ። ቅዳሜንና እሑድን ለይተው ማየትዎን አይርሱ።

ቁጥሩን ካገኙ በኋላ የሚያወዳድሩበት መለኪያ ያስፈልግዎታል። እ.ኤ.አ. በ2001 ለአሜሪካ መንግሥት የቀረበ ሰፊ ጥናት፣ ለረጅም ጊዜ ለሚቆይ አንድ ነዋሪ በቀን የሚደርሰው የነርሶችና የረዳቶች ጊዜ በድምሩ ከ4.1 ሰዓት ሲያንስ የእንክብካቤው ጥራት እንደሚጎዳ አመልክቷል፤ ከዚህ ውስጥ 2.8 ሰዓት የረዳቶቹ ድርሻ ነው። ይህ ቁጥር በየትም አገር የሚሠራ ሕግ አይደለም፣ ሕመሙ ለጠናበት ሰውም ላይበቃ ይችላል፣ ነገር ግን በወረቀት ላይ ሒሳብ ለመሥራት ይረዳል። አርባ ነዋሪ ያለበት ቤት በዚህ መለኪያ በቀን 164 ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ይህ ለስምንት ሰዓት ፈረቃ ሲካፈል በሦስቱም ፈረቃ ተደምሮ ሃያ ሰው ያህል ማለት ነው። የሚነግሩዎት አሥራ ሁለት ከሆነ ለአንድ ነዋሪ የሚደርሰው 2.4 ሰዓት ብቻ ይሆናል። በሙያዋ ነርስ ሆና ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ወረቀት የምትሠራ ኃላፊ በዚህ ሒሳብ ውስጥ መግባት የለባትም፤ የሚቆጠረው ነዋሪው አጠገብ የሚቆመው ሰው ነው።

እኔ ከሁሉም አጥብቄ እንዲመረምሩ የምመክረው የሌሊቱን ፈረቃ ነው። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው እንዳይቆስል በየጊዜው፣ በተለምዶም በየሁለት ሰዓቱ፣ ጎኑ ሊቀየርለት ይገባል። በአንድ ፎቅ ላይ እንዲህ ያሉ አሥር ሰዎች ቢኖሩ፣ በስምንት ሰዓት ፈረቃ ውስጥ አርባ ጊዜ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ዳይፐር መቀየሩና አንሶላ ማስተካከሉ ተጨምሮ አንዱ አሥር ደቂቃ ቢወስድ፣ ከ480 ደቂቃው 400ው በዚህ ብቻ ያልቃል። ከባድ ሰው ለማገላበጥ ሁለት ሰው እንደሚያስፈልግ፣ በመካከል ደወል እንደሚደወልና አንዱ ነዋሪ ሊወድቅ እንደሚችል ሲታሰብ፣ ሌሊቱን ብቻውን የተመደበ አንድ ረዳት የቱንም ያህል ቅን ቢሆን ሥራውን ሊወጣው አይችልም። «ሁሉም በሰዓቱ ይገላበጣል» ተብሎ ሲነገርዎት ይህንን ስሌት በትሕትና ከፊታቸው ያቅርቡና መልሳቸውን ያዳምጡ።

ከቁጥሩ ጋር የሙያው ዓይነት መታየት አለበት። የትንፋሽ መለወጥን፣ ድንገተኛ መደናገርን ወይም የደም ስኳር መውረድን በጊዜ ለይቶ እርምጃ የሚወስደው የሠለጠነ ነርስ ስለሆነ፣ ሌሊት በግቢው ውስጥ ነርስ አለ ወይስ በስልክ ነው የሚጠራው ብለው ይጠይቁ። ሐኪም በየስንት ጊዜው እንደሚመጣ፣ መድኃኒት የሚያድለው ማን እንደሆነም ይጠይቁ። ከዚህ የማያንሰው ደግሞ የሠራተኛው መቆየት ነው። በየወሩ አዲስ ፊት የሚመጣበት ቤት ሰው ቢሞላውም እንኳ ጎዶሎ ነው፤ የመርሳት በሽታ ያለበት አዛውንት ሕመሙን አፍ አውጥቶ ስለማይናገር፣ የዛሬው ሁኔታው ከትናንቱ የተለየ መሆኑን የሚያስተውለው ትናንትም አብሮት የነበረ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ኃላፊዋን ብቻ ሳይሆን በኮሪደሩ ላይ ያገኟትን ረዳት «እዚህ ከመጣሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ? የምትንከባከቢያቸው ሰዎች ሁልጊዜ አንድ ናቸው ወይስ ይቀያየራሉ?» ብለው ያነጋግሯት። ቀጥለውም በአጠገቧ ስለተቀመጠው ነዋሪ አንድ ነገር እንድትነግርዎት ይጠይቁ። በደንብ የተያዘ ቤት ከሆነ ስሙን ጠርታ «ሻይ ሳይቀርብላቸው ቁርስ አይነኩም» የሚል ዓይነት መልስ ትሰጣለች፤ ካልሆነ የአልጋውን ቁጥር ትነግርዎታለች።

ጉብኝቱን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያድርጉት፤ አንዱ በቀጠሮ፣ ሌላው ሳይናገሩ በምግብ ሰዓት ይሁን። የማኅበራዊ ግንኙነት ሠራተኛው ባዘጋጀልዎት መስመር ብቻ አይሂዱ። የእኔ አክስት በነበሩበት አንድ ቤት ለረጅም ጊዜ የሚያሳዩን የሚያብለጨልጨውን የመመገቢያ አዳራሽ ነበር፤ አንድ ቀን ሳልጠበቅ ደርሼ ወደ ክፍላቸው ስገባ ትሪው ሳይነካ ቀዝቅዟል፣ ውኃ የሞላው ብርጭቆ ደግሞ እጃቸው በማይደርስበት የመስኮት ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ምግቡን ያደለው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ለመዋጥ የሚቸገሩትን ሰው ለማጉረስ ግማሽ ሰዓት ያስፈልጋል፣ እርሱ ደግሞ በዚያ ሰዓት የሚያጎርሳቸው ሌሎች አምስት ሰዎች ነበሩት። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ቤት ስገባ መጀመሪያ የምፈልገው ብርጭቆውን ነው። ሰው ሲያረጅ የጥም ስሜቱ ስለሚቀንስ ውኃ የሚጠጣው ሲሰጡት እንጂ ጠምቶት አይደለም፤ የውኃ እጥረት ደግሞ የሆድ ድርቀትን፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንንና ድንገተኛ መደናገርን ያስከትላል።

በዚያው ጉብኝት የጥሪ ደወል ሲበራ ሰዓትዎን ይመልከቱና ሰው እስኪመጣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይያዙ። ሽታንም ለይቶ መረዳት ያስፈልጋል፤ ዳይፐር በሚቀየርበት ክፍል ለጥቂት ደቂቃ የሚሸት ነገር የሥራው ጠባይ ነው፣ በኮሪደሩ ላይ ተኝቶ የሚቆይ የሽንት ሽታ ግን የሰው እጥረት ምልክት ነው። ሽታውን ለመሸፈን የሚረጭ ኃይለኛ ሽቶም ከዚህ አይሻልም። የነዋሪዎቹን ጥፍር፣ ጥርስና ፀጉር ይመልከቱ፤ ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚታለፉት እነዚህ ናቸው።

ስለ አልጋ ቁስል በግልጽ ይጠይቁ። አሁን ስንት ነዋሪ ቁስል እንዳለበት፣ ከእነዚህም ውስጥ ስንቱ እዚሁ ከገባ በኋላ እንደቆሰለ የሚያውቅ ነርስ መኖር አለበት። ቁስሉ የሚጀምረው አጥንት ከቆዳ በሚቀርብበት ቦታ፣ ማለትም በተረከዝ፣ በዳሌና በወገብ ግርጌ ሲሆን፣ በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ሙቀትን፣ መጠንከርንና የቀለም ለውጥን በእጅ ዳስሶ መፈለግ ያስፈልጋል። ሠራተኞቹ ይህንን ካላወቁ ቁስሉን የሚያገኙት ቆዳው ከተከፈተ በኋላ ይሆናል።

የሚያደነዝዝ መድኃኒትም የሠራተኛ ጉዳይ ነው። የሚረበሽን አዛውንት አረጋግቶ ለማስቀመጥ ሰው ይፈልጋል፤ ሰው ከሌለ ኪኒን ይተካዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ለሳይኮሲስ (ከእውነታ ለሚለይ ከባድ የአእምሮ ሕመም) የሚሰጡ የአዲሱ ትውልድ መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ከምሳ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ አንገታቸውን ደፍተው የሚያንቀላፉ ከሆነ፣ ወይም በዊልቸር ላይ በቀበቶ የታሰሩ ሰዎች ካዩ፣ ምክንያቱን ሳይሰሙ አይውጡ።

ፈቃዱ የታደሰ መሆኑንና የመጨረሻዎቹን የቁጥጥር ሪፖርቶች ይጠይቁ። አንድ ጥፋት ብቻ የተመዘገበበት ሪፖርት ሊያስደነግጥዎ አይገባም፤ ያው ጥፋት በተከታታይ ሲደጋገም ግን ቤቱ ለማረም ሰው ወይም ፍላጎት እንደሌለው ያሳያል። ውሉን ሲያነቡ ለብቻ የሚከፈልባቸውን አገልግሎቶችና ነዋሪው እንዲወጣ ሊደረግ የሚችልባቸውን ምክንያቶች ይለዩ።

ከወሰኑ፣ አዛውንቱ በሚገቡበት ቀን ከተረኛዋ ነርስ ጋር ሆነው ክብደታቸውን ይመዝኑ፣ ቆዳቸውን ከተረከዝ እስከ ወገብ ይመልከቱ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ስምና መጠን ይጻፉ፤ ቀኑን ጨምረው አንዱን ቅጂ ለራስዎ ይያዙ። በአንድ ወር ውስጥ ከክብደታቸው ከመቶ አምስት እጅ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ፣ ወይም አዲስ መድኃኒት ሳይነገርዎ ከተጨመረ፣ ያንን ወረቀት ይዘው የነርሶቹን ኃላፊ በዚያው ቀን ያነጋግሩ።