የስቱዋርድ ማሽን ኩባንያን ፍርድ እንዴት ማንበብ ይቻላል

ስቱዋርድ ማሽን ኩባንያ በዴቪስ ላይ ባቀረበው ክስ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 1937 የሰጠውን ፍርድ የሚያነብ ሰው፣ ወደ ዳኞቹ ሐተታ ከመግባቱ በፊት ክሱ የተነሣበትን የቀጣሪዎች ግብር ስሌት በወረቀት ላይ ቢሠራ ይበጀዋል።

የ1935 የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ስምንትና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት ቀጣሪ ከሚከፍለው ጠቅላላ ደመወዝ ላይ በ1936 1 በመቶ፣ በ1937 2 በመቶ፣ ከዚያ ወዲያ 3 በመቶ ግብር እንዲከፍል ያዝዝ ነበር። ቀጣሪው የፌዴራሉ ቦርድ ላጸደቀው የክፍለ ግዛት የሥራ አጥነት ፈንድ ያዋጣው ገንዘብ ግን ከግብሩ እስከ 90 በመቶ ድረስ ይቀናነስለት ነበር። በ1936 10,000 ዶላር ደመወዝ የከፈለ ድርጅት ግብሩ 100 ዶላር ነው፤ ለክፍለ ግዛቱ ፈንድ 90 ዶላር ካዋጣ ለፌዴራል መንግሥት የሚከፍለው 10 ዶላር ብቻ ይሆናል። ክፍለ ግዛቱ እንዲህ ያለ ሕግ ካላወጣ ግን መቶውም ዶላር ወደ ፌዴራሉ ግምጃ ቤት ይገባል። "ክፍለ ግዛቶች ተገደዱ" የሚለው ክርክር የተነሣው ከዚህ ነው።

ቀጥሎ የክሱን አካሄድ ይመልከቱ። የአላባማው ኩባንያ 46 ዶላር ከ14 ሳንቲም ከፍሎ ተመላሽ ጠየቀ፤ ከዚያም ግብር ሰብሳቢውን ዴቪስን ከሰሰ። በአሜሪካ ግብር እንዳይሰበሰብ በክስ ማገድ በአብዛኛው ስለማይፈቀድ፣ ከፍሎ መክሰስ የተለመደው መንገድ ነው። (በዚያው ዕለት በተወሰነው የሄልቨሪንግ ጉዳይ ያለው ዴቪስ ባለአክሲዮን ስለሆነ ሁለቱን አያምታቱ።)

ግብሩ ኤክሳይዝ (በአንድ ሥራ ወይም መብት ላይ የሚጣል ግብር) መሆን አለመሆኑንና የግብርና ሠራተኞችን የመሰሉት ነፃ መደረጋቸው አድልዎ ነው ወይ የሚሉትን ጭብጦች በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። ጊዜ የሚሰጠው ለማስገደድ ጭብጥ ነው። ዳኛ ካርዶዞ ማባበል ከማስገደድ ጋር አንድ አይደለም ይላሉ፤ አላባማም በምርጫዋ ቅር የተሰኘች እንደማትመስል ያስታውሳሉ። ሆኖም ነፃ መውጫው ከአገራዊ ፖሊሲ ጋር የማይገናኝ ሕግ ማውጣት ቢሆን ኖሮ ግብሩ ይጸና ነበር አይሉም፤ ይህን ገደብ በማስታወሻዎ ላይ ለብቻው ይጻፉት።

ግብሩ የጸናው 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ቢሆንም ቁጥሩ ብቻውን ያሳስታል። ዳኛ ሰዘርላንድ ከዳኛ ቫን ዴቫንተር ጋር በጻፉት የልዩነት ሐሳብ ማስገደድ አለመኖሩን ተቀብለዋል፤ የተቃወሙት ክፍለ ግዛቶች የፈንዱን አስተዳደር ለፌዴራሉ አሳልፈው መስጠታቸውን ነው። ብዙ አንባቢ የሚዘልለው ይህ ክፍል በእኔ አስተያየት ከፍርዱ ሁሉ ጥንቃቄ የሚሻው ነው። በ2012 ፍርድ ቤቱ የሜዲኬይድን (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጠውን የሕክምና ዋስትና) ማስፋፊያ ሲመረምር ወደ ስቱዋርድ ተመልሶ፣ በዚያ ጉዳይ ግን ግፊቱ ማስገደድ ሆኗል ብሏል፤ ስለዚህ ሁለቱን ፍርዶች ጎን ለጎን ሲያነቡ ክፍለ ግዛቱ እምቢ ቢል ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያጣ በእያንዳንዱ አስልተው ያወዳድሩ።