ጂፒኤ ዝቅ ብሎ ኤምዲ-ፒኤችዲ ለምታመለክቱ

አሜሪካ ውስጥ ኤምዲ-ፒኤችዲ (የሕክምና ዲግሪና የምርምር ዶክትሬት በአንድ ላይ) ልታመለክቱ ነው፣ ግን ጂፒኤያችሁ አንገት ያስደፋል? ጉልበታችሁን የምርምር ድርሰቱ ላይ አፍስሱት። የማመልከቻ ሥርዓቱ፣ አምካስ፣ ለዚህ ብቻ እስከ 10,000 ካራክተር ይሰጣል። ለግል መግለጫው 5,300 ነው። ቦታውን የተማራችሁትን ቴክኒክ በመደርደር አታባክኑት። አንድ እምቢ ያለ ሙከራ ምረጡ። ለምሳሌ ዌስተርን ብሎቱ (ፕሮቲን የሚለይ የላብራቶሪ ሙከራ) ባንድ፣ ማለትም የፕሮቲኑን መስመር፣ አላሳይ ሲል ምን ጠረጠራችሁ? ቀጥሎስ ምን ቀየራችሁ? ትራንስክሪፕት ይሄን አያሳይም፤ ገምጋሚዎቹ ደግሞ ለዓመታት ላብራቶሪ የሚችል ሰው ነው የሚፈልጉት። ፕሮፌሰራችሁም በድጋፍ ደብዳቤያቸው ይህንኑ እንዲያነሱ ጠይቋቸው። ስለ ውጤት ሰበብ እዚህ አይገባም።

የሳይንስ ውጤታችሁ አሁንም እየወረደ ከሆነ ግን ድርሰት አያድናችሁም። መጀመሪያ ኮርስ ጨምራችሁ አሻሽሉት። ኮርስ ብትደግሙም አምካስ ሁለቱንም ውጤት ይቆጥራል።